የካምፒንግ ተሳቢ ሶኬቶች ግማሾቹ ሞተዋል፣ በሩም ይነዝራል፦ ሽቦውን በሙሉ ልቀይር?

ባለ ተሳቢው፣ አራት ኪሎ

ሰላም ቤተሰብ። አውሮፓ የተሠራ ባለ አንድ አክስል የካምፒንግ ተሳቢ አለን። አካሉ አልሙኒየም ነው፣ ርዝመቱ 5 ሜትር ገደማ። አብዛኛውን ጊዜ አራት ኪሎ ግቢ ውስጥ ቆሞ እንግዳ ያርፍበታል፣ አልፎ አልፎ ወደ ላንጋኖ ይወጣል። ውጪው ላይ ባለ ሦስት እግር ሰማያዊ የ16 አምፔር መግቢያ አለው። ውስጡ አንድ ባለ 30 ሚሊ አምፔር አርሲዲ (ጅረት ወደ መሬት ሲያፈስ የሚቆርጥ መጠበቂያ)፣ ሁለት ብሬከር እና አምስት ሶኬት አለው። መብራት የሚያገኘው ከሰርቪስ ቤቱ ግድግዳ ሶኬት በ1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ኤክስቴንሽን ነው፤ ግድግዳው ጋ ያለው ጫፍ ላይ ተራ ክብ ስፒና ታስሯል።

ችግሮቹ እነዚህ ናቸው። የበሩና የወጥ ቤቱ ሶኬቶች ይሠራሉ፤ የጠረጴዛው፣ የአልጋው እና የፍሪጁ ግን ከመንገድ መልስ ሞተዋል። ከሞቱት አንዱ ላይ ቴስተር ሳስገባ ሁለቱም ቀዳዳ ያበራል፣ ይሄ ግራ ገብቶኛል። የወጥ ቤቱ ሶኬት የውሃ ማፍያ ሲሰካበት ይግላል፣ ፊቱም ቡናማ ሆኗል። መሬቱ እርጥብ ሲሆን ውጪ ቆሞ የበሩን እጀታ የነካ ሰው ይነዝረዋል። ዝናብ ካደረ ደግሞ ጠዋት አርሲዲው አልያዝ ይላል።

የሰፈር ኤሌክትሪሺያን «ኧርዝ ስለሌለው ነው፣ ኒውትራሉን ከሻሲው ጋር እናያይዘውና ይቆማል» አለ። ሌላው ደግሞ ሽቦውን ከነሶኬቱ ነቅሎ በአዲስ መዘርጋት ነው ይላል። የምታውቁ ምን ትመክራላችሁ? ዕቃ መግዛት ካለብኝ መጠኑን ጭምር ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።


ሰማያዊ ሽቦ

ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት ስፒናውን ከግድግዳው ንቀለው። የሞቱት ሶኬቶች ይቆያሉ፣ የበሩ ጉዳይ ግን አይቆይም። ኒውትራሉን ከሻሲው ጋር የማያያዙን ሐሳብ ደግሞ ከነጭራሹ እርሳው። ይህን የምለው በጥቂቱ ስለማይመች አይደለም፣ ሰው ስለሚገድል ነው።

ምክንያቱን ላስረዳህ። ፌዝ ኤሌክትሪኩን ያመጣል፣ ኒውትራል ይመልሰዋል፣ ኧርዝ ደግሞ የብረት አካሉን ከመሬት ጋር ያገናኛል። የኛ ክብ ስፒና ተገልብጦም ይሰካል። ዛሬ ኒውትራል የነበረው እግር ነገ አንድ ሰው ነቅሎ ሲመልሰው ፌዝ ይሆናል። ኒውትራሉን ከሻሲው ጋር ካሰርከው በዚያች ቅጽበት የተሳቢው አካል፣ በሩ፣ መሰላሉ፣ የመጎተቻው ብረት ሁሉ 220 ቮልት ይይዛል። ማያያዣው ኤክስቴንሽኑ ውስጥ ወይም ከአርሲዲው በፊት ከሆነማ በሰውየው በኩል ወደ መሬት የሚወርደው ጅረት በአርሲዲው ውስጥ ስለማያልፍ አርሲዲው አያየውም፣ አይወርድምም። ስፒናው ባይገለበጥ እንኳ ከተሳቢው በፊት ያለው ኒውትራል አንድ ቦታ ከላላ፣ የበራ ዕቃ ሁሉ ፌዙን አሳልፎ ወደ ሻሲው ይሰደዋል። ኒውትራልና ኧርዝ የሚገናኙት በምንጩ ጋ ነው፤ ተሳቢ ውስጥ ሁልጊዜ ተለያይተው ይኖራሉ።

አሁን በሩ ለምን ይነዝራል? ከሁለት አንዱ ነው። የባትሪ ቻርጀሩና የመሳሰሉት ዕቃዎች ውስጥ ከፌዝም ከኒውትራልም ወደ ኧርዝ የተሳሰሩ ትንንሽ ካፓሲተሮች አሉ። ኧርዙ መሬት ካልደረሰ ሻሲው መሃል ቤት ይንሳፈፍና በመልቲሜትር ሲለካ 110 ቮልት ገደማ ያሳያል። ጅረቱ ብዙውን ጊዜ ከ1 ሚሊ አምፔር በታች ስለሆነ ይነዝራል እንጂ አይዝም። ሁለተኛው የእውነት የተበላሸ ኢንሱሌሽን ነው፤ ለምሳሌ እርጥበት የገባው የፍሪጅ ማሞቂያ ኤለመንት። ይሄኛው ገዳይ ነው፣ ሲነኩት ግን ከመጀመሪያው አይለይም። ስለዚህ «ትንሽ ነው» ብሎ መተው የለም።

ሁለቱንም የሚፈታው እውነተኛ ኧርዝ ነው። ስፒናው ተነቅሎ እያለ በመልቲሜትር ኦም ላይ አድርገህ ሦስት ነገር ለካ፦ ከሰማያዊው መግቢያ ኧርዝ እግር እስከ ሻሲው፣ ከኤክስቴንሽኑ ጫፍ እስከ ጫፍ አረንጓዴ ቢጫውን፣ ከዚያ የቤቱን ዋና ማብሪያ አውርደህ የግድግዳውን ሶኬት ከፍተህ ከጀርባው ስንት ሽቦ እንደመጣ እይ። ኧርዙ መድረሱን በአምፖል ከፌዝ ወደ ኧርዝ እያበሩ መሞከር አታስበው፤ ኧርዙ ደካማ ከሆነ በዚያች ሰዓት ከእሱ ጋር የተሳሰረ ብረት ሁሉ ፌዝ ይይዛል።


ፒንሳና ካቻቪቴ

ከላይ የተባለው ሁሉ ትክክል ነው። እኔ ወደ ሞቱት ሶኬቶች ልምጣ።

ቴስተርህ ሁለቱም ቀዳዳ ላይ መብራቱ ሁለት ፌዝ መጣ ማለት አይደለም። ኒውትራሉ ወደ ኋላ አንድ ቦታ ተቆርጧል። ፌዙ እዚያ ሶኬት ላይ በተሰካው ዕቃ፣ በቻርጀርም ይሁን በመብራት፣ አልፎ በሌላኛው ቀዳዳ ብቅ ይላል። ከሞቱት ሶኬቶች ላይ ያለውን ሁሉ ብትነቅል አንዱ ቀዳዳ ብቻ ይበራል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሞኛል፦ ዕቃው አይሠራም፣ «መብራት የለም» ይልና በባዶ እጁ ይነካካል። የተቆረጠ ኒውትራል ያለበት ሶኬት ከሚሠራው ሶኬት ይልቅ አደገኛ ነው።

ዋናው ነገር ደግሞ የሞተው ሶኬት በሽተኛው ሶኬት ላይሆን ይችላል። ተሳቢ ውስጥ ሽቦው ከሶኬት ወደ ሶኬት እየተቀባበለ ነው የሚሄደው፤ አንዱ ጋ ከላላ ከሱ በኋላ ያሉት አብረው ይሞታሉ። ስለዚህ የምትከፍታቸው ሁለት ናቸው፣ የመጨረሻው የሚሠራውና የመጀመሪያው የሞተው። ያንተው የመጨረሻ ሠራተኛ ያ የሚግለው የወጥ ቤት ሶኬት ይመስለኛል።

የሚግለው ለምን እንደሆነ በቁጥር እይ። 2000 ዋት የውሃ ማፍያ 9 አምፔር ይስባል። አንዲት የላላች ብሎን ግማሽ ኦም ሬዚስታንስ ብትፈጥር 9 ሲባዛ በ9 ሲባዛ በ0.5፣ 40 ዋት ሙቀት በዚያች ነጥብ ላይ ያርፋል። የሬዲዮ ጠጋኝ መበየጃ ፕላስቲኩ ውስጥ ሰክቶ እንደመተው ነው። ብሬከሩ ይሄን አያውቅም፤ 9 አምፔር ለሱ ጤነኛ ጅረት ነው። የእሳት አደጋ የሚነሳውም እንዲህ ካለው ነጥብ ነው።

ለማረጋገጥ ኤሌክትሪኩ ሙሉ በሙሉ ተነቅሎ ይሁን። ብሬከር ማውረድ አይበቃም፤ ኢንቨርተርና ሶላር ካለህ እነሱንም ለያቸው። ከዚያ አንድ አጭር ኤክስቴንሽን የወጥ ቤቱ ሶኬት ላይ ሰክተህ ሌላውን ጫፍ ወደ ጠረጴዛው ውሰደው፤ የመልቲሜትሩን ገመድ አስረዘምክ ማለት ነው። ፌዝ ከፌዝ፣ ኒውትራል ከኒውትራል፣ ኧርዝ ከኧርዝ ለካ። ጤነኛው ከ1 ኦም በታች ይሰጥሃል፣ የተቆረጠው ምንም አይሰጥም። ይህን ዘዴ የምወደው አስተማማኝ ኧርዝ በሌለበት፣ ኤሌክትሪክም ሳይነካ መልስ ስለሚሰጥ ነው። መልሱን እዚህ አምጣልንና እንቀጥል። እስከዚያ አንድም ሶኬት አትግዛ።


ባለ ተሳቢው፣ አራት ኪሎ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ለካሁ። ከወጥ ቤት እስከ ጠረጴዛ ፌዙ 0.3 ኦም፣ ኧርዙ 0.3 ኦም፣ ኒውትራሉ ምንም። የወጥ ቤቱን ሶኬት ስከፍተው ከሁለቱ ሰማያዊ ሽቦዎች አንዱ በእጄ ወጣ። ላስቲኩ ወደ 2 ሳንቲ ሜትር ጠቁሯል፣ የሽቦው ጫፍ ደግሞ በእርሳስ የተበየደ ነው። ከመግቢያው ኧርዝ እግር እስከ ሻሲው 0.2 ኦም፣ ኤክስቴንሽኑም ሦስቱም ሽቦ ደህና ነው። የግድግዳው ሶኬት ጀርባ ግን ሁለት ሽቦ ብቻ ነው የመጣው፣ ቀይና ጥቁር። አርሲዲውን በተመለከተ፣ በማይዝበት ጠዋት ሁለቱንም ብሬከሮች አውርጄም ሳነሳው ይወድቃል።


ፒንሳና ካቻቪቴ

እንግዲህ ተገኘ። ያ የተበየደ ጫፍ ነው ጥፋተኛው። የጥርጥር (ብዙ ቀጫጭን ዘር ያለው) ሽቦ ጫፉን በእርሳስ በይዶ ብሎን ሥር ማስገባት ጥሩ ሥራ ይመስላል፤ ግን የመበየጃው እርሳስ ለስላሳ ስለሆነ በብሎኑ ግፊት ቀስ እያለ ይሸሻል፣ ብሎኑም ሳይነካ ይላላል። በዚያ ላይ መንገዱ አለ፦ ኮብልስቶን፣ የጎደጎደ አስፋልት፣ ፒስታ። የቤት ግድግዳ አይንቀሳቀስም፣ ተሳቢ ግን ሁሌም ይንቀጠቀጣል።

የጠቆረውን መዳብ እንደገና አትሰር። ሲቀጠቅጡት ወይም ሲፈትጉት የነጣ ይመስላል እንጂ ውስጡ ኦክሳይድ ሆኗል፣ ግንኙነት አይዝም። ላስቲኩ ለስላሳ፣ መዳቡም የሚያብረቀርቅ እስኪሆን ድረስ ቁረጠው፤ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ሽቦው ካጠረ አትጎትተው። የሌቨር ማያያዣ፣ ዋጎ የሚባለውን ዓይነት፣ ተጠቀምና አጭር ቁራጭ ጨምርለት። እስከ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ የሚወስደው በላዩ «11 ሚሊ ሜትር ላጥ» ይላል፤ ከዚያ በላይ ከላጥክ መዳቡ ውጪ ይቀራል፣ ካነስክ የማያያዣው መንጋጋ ላስቲኩን ይነክሳል። መቀባበያውንም ከሶኬቱ ብሎን ላይ አንሳው። የመጣው፣ የሚሄደው እና ወደ ሶኬቱ የሚገባው ሦስቱ በማያያዣው ይገናኙ። ያኔ አንድ ሶኬት ቢቃጠል እንኳ ከኋላው ያሉት አይሞቱም። ሶኬቱ ብሎን ውስጥ የሚገባው ጫፍ ላይ ፌሩል የሚባለውን የመዳብ እጅጌ አልብሰህ በራሱ ፒንሳ ጨምቀው፤ በተራ ፒንሳ የተቀጠቀጠ ፌሩል ይንሸራተታል። ስታስር ጎተት አድርገው። ከወጣ መልካም፣ መንገድ ላይ ከሚወጣ አሁን ይውጣ።

ቡናማ የሆነውን የወጥ ቤት ሶኬት ጣለው። ውስጡ ያሉት የመዳብ መንጋጋዎች አንዴ ከጋሉ የመጨበጥ ኃይላቸው ይሄዳል፤ ፊቱን ብቻ ቀይሮ ማስዋብ ከንቱ ነው። የተሰካበትን የውሃ ማፍያ ስፒናም እየው፣ እግሮቹ ከጠቆሩ አዲሱን ሶኬት መልሰው ያቃጥሉታል።


ሰማያዊ ሽቦ

አርሲዲው ሁለቱም ብሬከር ወርዶ መውደቁ ብዙ ነገር ይነግረናል። ብሬከሮችህ ባለ አንድ ፖል ሳይሆኑ አይቀሩም። ባለ አንድ ፖል ብሬከር አንዱን ሽቦ ብቻ ይቆርጣል። ስፒናህ ተገልብጦ ከተሰካ የሚቆርጠው ኒውትራሉን ይሆናል፣ ፌዙ በሰማያዊው በኩል እስከ ዕቃው ድረስ እንደገባ ይቀራል። አንድ እርጥበት የገባው ዕቃ ካለ ደግሞ በሻሲው፣ ከዚያም በተሳቢው የብረት እግሮች በኩል ወደ ረጠበው መሬት ይፈሳል። በደረቅ ቀን መሬቱ መንገድ አይሰጠውም፣ ዝናብ ሲያድር ይሰጠዋል። ባለ 30 ሚሊ አምፔር አርሲዲ ከ15 እስከ 30 ባለው መሃል ይወርዳል። በ220 ቮልት 30 ሚሊ አምፔር ለማሳለፍ መንገዱ ሁሉ ተደምሮ 7 ኪሎ ኦም ገደማ ቢሆን ይበቃል። አርሲዲው አልተበላሸም፣ ሥራውን እየሠራ ነው። እባክህ ማንም «አርሲዲውን ዝለለው» ቢልህ አትስማ።

ተጠርጣሪውን ለማግኘት ሁሉንም ዕቃ ንቀል፣ ፍሪጁን ጨምሮ። ፍሪጁና ቻርጀሩ ስፒና ሳይኖራቸው በቀጥታ የታሰሩ ከሆነ ሽቦአቸውን ፍታ። ኤሌክትሪኩ ተነቅሎ እያለ ፌዝና ኒውትራሉን አንድ ላይ አድርገህ ከኧርዝ ጋር በ500 ቮልት ሜገር (የሽቦ መከለያን በከፍተኛ ቮልት የሚፈትሽ መለኪያ) ይለካልህ። ሽቦው ቢያንስ 1 ሜጋ ኦም መስጠት አለበት፤ ጤነኛ ከሆነ ከዚያ በጣም ይበልጣል። ቻርጀርና የፍሪጅ ኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ ሳይፈታ ሜገር ከሰደድክበት ኤሌክትሮኒክሱን ትገድለዋለህ፣ ይህን ለሚሠራልህ ሰው አስቀድመህ ንገረው። ተራ መልቲሜትር በ9 ቮልት ባትሪ ስለሚለካ ጥሩ ያሳይህና 220 ሲገባ የሚሸሸውን አይነግርህም።

ሽቦው ጤነኛ ከሆነ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ለካ። በጋዝም፣ በ12 ቮልትም፣ በ220ም የሚሠራው ዓይነት ፍሪጅ ካለህ የ220ው ኤለመንት የመጀመሪያ ተጠርጣሪዬ ነው፤ ለረጅም ጊዜ በጋዝ ብቻ ሲሠራ ኤለመንቱ እርጥበት ይጠጣል። ቀጥሎ ውጪ ያለውን ሰማያዊ መግቢያ ክፈተው። የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ውሃ ከውስጥ ይተኛል፣ እግሮቹም አረንጓዴ ዝገት ያወጣሉ።

ስለ ኧርዙ፦ የግድግዳው ሶኬት ሁለት ሽቦ ብቻ ስላለው ኤክስቴንሽንህ ባዶ ላይ ነው የተሰካው። ከቤቱ የብሬከር ሰሌዳ ሦስት ሽቦ ያለው አዲስ መስመር አምጣ፣ መነሻው ላይ ባለ 16 አምፔር ብሬከርና የራሱ 30 ሚሊ አምፔር አርሲዲ ይኑረው፣ መጨረሻው ላይ ውሃ የማይገባው ሰማያዊ ባለ ሦስት እግር ሶኬት ይሁን። እሱ ተገልብጦ አይሰካም፣ የመገልበጥ ችግሩ አብሮ ይጠፋል። ቤቱ ውስጥ ኧርዝ ከሌለ ባለ 1.5 ሜትር መዳብ የተለበጠ ዘንግ ጥላ ባለበትና እርጥበት በማይጠፋበት ጥግ ይተከል፣ በ16 ሚሊ ሜትር ካሬ መዳብ ወደ ሰሌዳው ይግባ። ለ30 ሚሊ አምፔር አርሲዲ በሂሳቡ 1667 ኦም እንኳ ይፈቀዳል፣ 50 ሲካፈል ለ0.03 ነው። ግን የክረምቱ ልኬት በበጋ ብዙ ስለሚንር ከ100 ኦም በታች እስኪሆን ሁለተኛ ዘንግ ጨምር። ጨው መነስነሱን እኔ አልመክርም፤ ዝናብ ያጥበዋል፣ ማሰሪያውንም ይበላዋል።


ባለ 2.5

ሽቦውን በሙሉ ልቀይር ወይ ላልከው፦ አይ። ሜገሩ ካለፈና ላስቲኩ ሌላ ቦታ ካልጠቆረ ነባሩን ሽቦ አትንካ። ፋብሪካ የዘረጋው ግድግዳው ሳይዘጋ በፊት ነው፤ አንተ ብታወጣው በዚያው መንገድ መልሰህ አታስገባውም። መቀየር ያለባቸው የወጥ ቤቱ ሶኬት፣ ብሬከሮቹ እና ኤክስቴንሽኑ ናቸው።

ሜገሩ ካልተሳካና አዲስ መዘርጋት ግድ ከሆነ ግን ለ5 ሜትር ተሳቢ የሚበቃው ይህ ነው። ለሶኬቶች 3 በ2.5 (ሦስት ሽቦ፣ እያንዳንዱ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ) ጥርጥር ኬብል 25 ሜትር፤ ለፍሪጅና ለቻርጀር 3 በ1.5 ጥርጥር 10 ሜትር። ደረቅ አንድ ዘር ሽቦ የቤት ነው፣ በንቅንቅ ተሰብሮ ላስቲኩ ውስጥ ይደበቃል። ባለ 12 ቦታ ሰሌዳ፤ አንድ ባለ ሁለት ፖል አርሲዲ 25 ወይም 40 አምፔር፣ 30 ሚሊ አምፔር፣ ታይፕ ኤ፤ ሦስት ባለ ሁለት ፖል ብሬከር፣ 16 ለወጥ ቤት፣ 10 ለጠረጴዛና አልጋ፣ 6 ለፍሪጅና ቻርጀር። ታይፕ ኤ የምለው የዛሬ ቻርጀሮች የሚያፈሱት ጅረት ንጹሕ ተለዋዋጭ ጅረት (ኤሲ) ስላልሆነ ነው። ይህ ሁሉ ስምንት ቦታ ይወስዳል። በቀረው ላይ የቮልቴጅ መጠበቂያ ሪሌ አስገባበት፤ ዝቅተኛው 190፣ ከፍተኛው 250፣ መመለሻው 3 ደቂቃ። ሦስት ፌዝ ባለበት ሰፈር ምሰሶ ላይ ኒውትራል ቢበጠስ የአንተ መስመር ወደ 380 ሊጠጋ ይችላል፣ ያኔ ይህ ሪሌ ፍሪጁን ያተርፍልሃል። መብራት ሄዶ ሲመጣም ኮምፕሬሰር ላለው ፍሪጅ እረፍት ይሰጠዋል።

ኬብሉን ባለ 20 ሚሊ ሜትር ተጣጣፊ ቱቦ ውስጥ አስገባው። ግድግዳው ውስጥ ያለው ነጭ ፎም ፖሊስቲሪን ከሆነ የኬብሉን ፒቪሲ ልስላሴ ይመጠዋል፣ ላስቲኩ ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ ቱቦው የሚያለያያቸው ለዚህ ነው። ቱቦ በማይገባበት ቦታ በአግድም በየ25፣ በቁም በየ40 ሳንቲ ሜትር ክሊፕ ይያዘው። ላሜራ በሚያልፍበት ቀዳዳ ሁሉ የላስቲክ ቀለበት አልብስ፣ ትራፓኖ የፈጠረው ጠርዝ ምላጭ ነው። ሻሲውንና የአልሙኒየሙን አካል ከሰሌዳው ኧርዝ ጋር በ4 ሚሊ ሜትር ካሬ አረንጓዴ ቢጫ እሰር፤ ከብሎኑ ሥር ቀለሙን ፍቀህ፣ ጥርስ ያላት ሮንዴላ አድርገህ፣ ከላይ ግሪስ ቀባው።

አንድ ነገር ደግሞ በጣም አደራ። ተሳቢው ውስጥ የ12 ቮልቱ ሽቦ ቀይና ጥቁር ነው፤ የኛ አሮጌ ቤቶች የ220ውም ቀይና ጥቁር ነው። የአንተው ግድግዳ ምስክር ነው። ስለዚህ ተሳቢው ውስጥ ለ220 ቡናማ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ ቢጫ እንጂ ሌላ ቀለም አታስገባ፣ ከ12ቱም ጋር በአንድ ቱቦና በአንድ ስካቶላ አታስሂደው።

ኤክስቴንሽኑ ጥቁር የላስቲክ ኬብል 3 በ2.5፣ 25 ሜትር ይሁን። 1.5ቱ በ16 አምፔር ላይ 10 ቮልት ተኩል ገደማ ይበላል፣ 2.5ቱ 6 ተኩል። በኬብል መጠቅለያ ላይ ከተጠመጠመ ሙሉውን ፍታው፣ የተጠመጠመው ክፍል ሙቀቱን ማውጫ የለውም። የመኪና ሽቦ፣ የመጎተቻ ሶኬትና የ12 ቮልት ፊውዝ መያዣ ሱማሌ ተራ ታገኛለህ፤ ብሬከርና ኬብሉን ግን መርካቶም ይሁን ሌላ ቦታ ስትገዛ የኬብሉን ጫፍ አስላጥተህ እይ። መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ስትፍቀው ውስጡ ይነጣል፣ 2.5 የተጻፈበትም ካሊፐር ሲያዝበት የሚያንስ ይኖራል።

እንግዳ ስለሚያርፍበት የጭነቱን ነገር ቁርጥ አድርገህ ንገራቸው። 16 አምፔር ማለት 3520 ዋት ነው። የእንጀራ ምጣድ ብቻውን 3500 አካባቢ ስለሚወስድ ተሳቢው ውስጥ ቦታ የለውም። የውሃ ማፍያና 1500 ዋት ስቶቭ አብረው 16 አምፔር ይደርሳሉ፣ ፍሪጁ ሲነሳ ያልፋሉ፤ በተራ ይሁን።


ለገሃር ጥግ

ይቅርታ በመሃል ልግባ። የኛ ተሳቢ የአሜሪካ ነው፣ ሶኬቶቹ ጠፍጣፋ እግር የሚወስዱ ናቸው። ወደዚህ ስፒና በመቀየሪያ ብቻ ይሆናል? ጄኔሬተርም አለን፣ 2 ኪሎ ዋት።


ሰማያዊ ሽቦ

አይሆንም እህቴ። የአሜሪካው ተሳቢ የተሠራው ለ120 ቮልት 60 ኸርዝ ነው፤ መቀየሪያው የስፒናውን ቅርጽ እንጂ ቮልቱን አይነካም። 220 በገባበት ቅጽበት የባትሪ ቻርጀሩ፣ ማይክሮዌቩና አየር ማቀዝቀዣው አብረው ይሄዳሉ።

ሁለት መንገድ አለሽ። ትራንስፎርመር ማስገባት፣ ከ220 ወደ 120፣ 3 ኪሎ ቮልት አምፔር፣ ቢቻል ሁለቱ ጥቅል የተለያዩበት። ፍሪኩዌንሲው ግን 50 ኸርዝ ሆኖ ይቀራል፤ ማሞቂያና ቻርጀር አይከፋቸውም፣ ሞተርና የማይክሮዌቭ ትራንስፎርመር ይግላሉ። ሌላው ወደ 220 መለወጥ ነው። ሽቦው እስከ 600 ቮልት ስለሚችል፣ ሜገር ካለፈ ሊቆይ ይችላል፤ በአሜሪካው ልማድ ጥቁሩ ፌዝ፣ ነጩ ኒውትራል፣ ራቁቱ ወይም አረንጓዴው ኧርዝ ነው። ሶኬቶቹ፣ ብሬከሮቹ እና ባለ ቁልፍ የመታጠቢያ ቤት ሶኬቱ ግን ሁሉም ይወጣሉ፤ ያ ባለ ቁልፍ ሶኬት የ120 መጠበቂያ ስለሆነ በ220 ላይ ጥበቃ አይሰጥም። ቻርጀሩም በ220 ይቀየራል። ዕቃው ጥቂት ከሆነ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

ጄኔሬተሩን በተመለከተ፣ አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ስለሆነች ሞተሩ ሩብ ገደማ ጉልበቱን ያጣል፤ 2 ኪሎ ዋቱን 1500 ብለሽ ያዢው። ትንንሽ ጄኔሬተሮች ኒውትራላቸው ከምንም ጋር ስላልታሰረ አርሲዲው በእነሱ ላይ ላይወርድ ይችላል። ኒውትራልና ኧርዝ የሚታሰሩት ጄኔሬተሩ ጋ ነው፣ ይህም በባለሙያ። ከግድግዳ፣ ከጄኔሬተርና ከኢንቨርተር የሚመጡት ሦስቱ መቼም በአንድ መስመር እንዳይገናኙ በመቀያየሪያ ስዊች ይግቡ። ከሁለት ወገን የተመገበ መስመር ኢንቨርተሩን ያቃጥላል፣ የተነቀለውን ስፒና እግርም ኤሌክትሪክ ያስይዘዋል።


ፒንሳና ካቻቪቴ

ለባለ ተሳቢው፣ ሥራው ሲያልቅ ከመሰካትህ በፊት ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን። ኤሌክትሪክ ሳይገባ ከእያንዳንዱ ሶኬት ኧርዝ እስከ ሻሲው ለካ፣ ከ1 ኦም በታች። ከዚያ ሜገር። ከዚያ ዕቃ ሁሉ ተነቅሎ ሰካና የአርሲዲውን ቁልፍ ተጫን፤ ካልወረደ እዚያው አቁም። ከወረደ መልሰህ አንሳና በሻሲውና መሬት ላይ በተወጋ ካቻቪቴ መካከል በኤሲ ቮልት ለካ፣ ጫማ አድርገህ፣ ብረቱን በእጅህ ሳትይዝ። ዜሮ አካባቢ መሆን አለበት። አሁን ፍሪጁንና ቻርጀሩን አንድ በአንድ ጨምርና ይህንኑ ልኬት ድገም።

መጨረሻ ላይ የውሃ ማፍያውን በየሶኬቱ እያዛወርክ ቮልቱን ሳይሰካና ተሰክቶ ለካ። ከ11 ቮልት በላይ የሚወርድበት ሶኬት ካለ ከሱ ወደ ኋላ አንድ ያልጠበቀ ግንኙነት ቀርቷል። ሩብ ሰዓት አሠራውና ንቀለው፣ የሶኬቱን ፊት በእጅህ ጀርባ ዳስሰው፤ ለብ ማለቱ ደህና ነው፣ እጅ የማያስቆም ከሆነ ክፈተው። ከመጀመሪያው የላንጋኖ መንገድ መልስ ደግሞ ሁሉንም ብሎኖች፣ የሰሌዳውንም ጭምር፣ እንደገና አጥብቅ።